ኤድዋርድ ሩፔል፤ የቀይ ባሕርን ሻርክና የስሜንን ዋልያ ለዓለም ያስተዋወቀ ሊቅ

ሰው በዚህ ዓለም ኖሮ ሲያልፍ ስሙን የሚያስጠራለት ነገር ብዙ ነው። አንዱ በጦርነት ጀግንነቱ፥ ሌላው በሥልጣኑ፥ ሌላው ደግሞ በሀብቱ ይታወቃል። ሀብቱንና ጤንነቱን ለዕውቀት ሲል አሳልፎ የሰጠ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ የጀርመን አገር ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ የዚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ለልጆች በሥዕል እየተሠሩ በሚታተሙት ስለ ሻርክ በሚናገሩ መጻሕፍት ውስጥ ከሚታዩት የሻርክ ዓይነቶች ሁለቱን መርምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መጽሐፍ የገለጻቸው እርሱ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ በአገራችን ተራራ ላይ የሚኖሩትን ዋልያን፥ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀው ይኸው ሰው በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

አዲስ ዓለም ከባሕር የራቀች የደጋ ከተማ ናት። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በጊንጪ አካባቢ ካለው ተራራ የሚመነጨው አዋሽ እንኳ ረጅም መንገድ ተጉዞ በበረሐ ውስጥ ካለ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ሻርክን የምናውቀው በሥዕልና በፊልም ነው። አንዳንዶቻችንም ዮናስን ዋጠው ከሚባለው ከዓንበሪ ጋራ እናምታታዋለን። ዓንበሪ ግን አየር ለመተንፈስ ወደ ላይ ብቅ የሚል፥ ልጁንም ጡት የሚያጠባ እንስሳ ሲሆን፥ ሻርክ በአንገቱ ግራና ቀኝ ባሉት መሰንጠቂያዎች ውሃ እያሳለፈ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው። ይህን የመሰለውን ልዩነት አንድ በአንድ እየመረመሩ መለየት ነበር የሩፔል የዕድሜ ልክ ሥራው።

ኤድዋርድ ሩፔል በኖቬምበር 20 ቀን 1794 ዓ.ም. በፍራንክፉርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ሀብታም ባለባንክ ስለ ነበር ልጁም እንደ አባቱ ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ በንግድ ሥራ አደገ። ነገር ግን በ1817 ዓ.ም. ወደ ግብጽና ወደ ሲና በረሐ በሄደ ጊዜ አሳቡ ፈጽሞ ተለወጠ። የበረሐውን እንስሳት፥ የባሕሩን ዓሣ፥ የጥንቱንም ሐውልት ባየ ጊዜ ቀሪ ዘመኑን ይህን ሲመረምር ለማሳለፍ ቆረጠ።

ይሁን እንጂ እንደ ብዙ ወጣቶች ፍላጎቱ ብቻ ይበቃኛል ብሎ ወዲያው አልተነሣም። ወደ ኢጣሊያ ሄዶ በፓቪያና በጄኖቫ ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት የሚሰጠውን ትምህርት ተከታተለ። በጄኖቫም ፍራንዝ ፎን ዛኽ ከተባለው የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅ ዘንድ ከዋክብትን በመለካት አንድ ቦታ በምድር ላይ የት እንደሚገኝ ማወቅን ተማረ። በዚያን ዘመን መንገደኛ የሄደበትን አገር በትክክል በካርታ ላይ ለማስፈር የሚችለው በዚህ ጥበብ ነበርና። በፍራንክፉርት በ1817 ዓ.ም. ከተቋቋመው ዘንከንበርግ ከተባለው የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር ጋራም ተባበረ። ለጉዞውም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከራሱ ሀብት አወጣ።

ከዚህም በኋላ የመጀመሪያውን ታላቅ ጉዞውን ጀመረ። ረዳቱ ሚሐኤል ሃይ የተባለ ሐኪም ነበር። በ1822 ዓ.ም. የሲናን በረሐ አቋርጠው እስከ ዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሱ። ከዚህም በኋላ ዓባይን ተከትለው ወደ ኑቢያና ወደ ኩርዶፋን ገቡ። ሩፔል በመጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት አስቦ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በምጽዋ ወደብ ደረሰ። ነገር ግን ሕመም ስለ በረታበት ደጋውን ሳያይ ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ የቀይ ባሕር ጠረፍ ለተመራማሪዎች መቃብር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሩፔል በፊት የቀይ ባሕርን ዓሦች መርምሮ የጻፈው ስዊድናዊው ፔተር ፎርስኮል ነበር። እርሱም የዴንማርክ ንጉሥ በ1761 ዓ.ም. ከላኳቸው መንገደኞች አንዱ ሲሆን በ1763 ዓ.ም. በየመን በወባ ሞተ። ከመንገደኞቹም ወደ አገሩ በሕይወት የተመለሰው ኒቡር የተባለው ብቻ ነው። የፎርስኮልን ማስታወሻ በ1775 ዓ.ም. ያሳተመለትም ይኸው ጓደኛው ነው። እንደዚሁም ሄምፕሪኽ የተባለው ወጣት የጀርመን ሊቅ በ1825 ዓ.ም. በዚያችው በምጽዋ ከተማ ሞቶ ተቀበረ። ሩፔል ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደዚያው ስፍራ ሁለተኛ የተመለሰው።

ሁለተኛው ጉዞ በ1830 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚህ ጊዜ አብሮት የሄደው ቴዎዶር ኤርክል የተባለ፥ የሞቱ እንስሳትን ቆዳ አድርቆ በማዘጋጀት የሠለጠነ ሰው ነበር። በመርከብ የቀይ ባሕርን ጠረፍ እየተከተሉ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዓሣ አጥማጆች ያወጡትን ይመለከቱና ይሰበስቡ ነበር። ሩፔል የዓሣውን ርዝመት፥ የጥርሱን ቅርጽ፥ የክንፎቹን ስፍራና ቀለሙን ይጽፋል፤ የተገኘበትንም ቦታ ይመዘግባል። በ1837 ዓ.ም. ያሳተማቸው ሁለቱ ሻርኮች የተገኙት በዚሁ ባሕር ነው። አንዱ ከጅዳ፥ ሌላውም በሲና ጫፍ ከሚገኘው ከራስ መሐመድ ነው።

የጅዳው ሻርክ በጀርባ ክንፉና በጅራቱ ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሩፔል በላቲን ያወጣለት ስም ወፍራም ማለት ነው፤ የሚያስገርመው ግን ዓሣው ቀጭንና እንደ እባብ ተጣጣፊ መሆኑ ነው። ብዙ ሻርኮች ውሃ በአፋቸው ገብቶ በመሰንጠቂያቸው እንዲወጣ ዘወትር መዋኘት ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሻርክ ግን ውሃውን በአፉ እየሳበ ማስወጣት ስለሚችል ቀኑን ሙሉ በባሕር ውስጥ ዋሻ ተኝቶ ይውላል። ጨለማ ሲሆን ግን ለአደን ይነሣል። ሌሎች አዳኞች ሊገቡበት በማይችሉት በኮራል ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ቀጭን ሰውነቱን እያስገባ፥ አንዳንድ ጊዜም ኮራሉን እየሰባበረ፥ ተደብቀው ያንቀላፉትን ዓሦች ይይዛል። ብዙዎቹ በአንድ ቋጥኝ ዙሪያ ተሰብስበው ያደኑ እንደ ሆነ ከአንዱ ያመለጠው ዓሣ በሌላው አፍ ይገባል። ይህም ጅቦች በሌሊት ከሚያደርጉት አደን ጋራ ይመሳሰላል።

የራስ መሐመዱ ሻርክ ደግሞ ከዚህ ይተልቃል፤ እስከ 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የክንፎቹ ሁሉ ጠርዝ ነጭ ስለ ሆነ ሩፔል ስሙን ነጭ ጠርዝ ያለው ብሎ በላቲን ሰይሞታል። እርሱ በዋሻ የሚተኛ ሳይሆን በደሴቶችና በኮራል ዳርቻ እየተዘዋወረ ዓሣ የሚያሳድድ ብርቱ ዋናተኛ ነው።

ስለ ሻርክ አዳኝነት በአጠቃላይ ጥቂት መናገር ተገቢ ነው። የሻርክ አካል አጥንት የለውም፤ ሰውነቱን የሚደግፈው እንደ ጆሯችን ያለ ለምለም አጥንት ነው። ጥርሱ በረድፍ በረድፍ የተሰለፈ ሲሆን የፊተኛው ሲወልቅ የኋለኛው ወደ ፊት ይተካል፤ ስለዚህ በዕድሜው ሙሉ ጥርስ አያጣም። ሲያድን መጀመሪያ ከሩቅ የቆሰለ ዓሣ መንፈራገጡን ይሰማል፤ ከዚያም በሽታው ይከተላል፤ ሲቀርብ በጎንና በጎኑ ባለው ስሜት ሰጪ መስመር የውሃውን መንቀጥቀጥ ያውቃል፤ ቀጥሎም በደብዛዛ ብርሃን እንኳ በሚያይ ዐይኑ ይመለከታል። በአፍንጫው ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያስደንቃሉ። እነዚህን በ1678 ዓ.ም. የጻፈባቸው ኢጣሊያዊው ሎሬንዚኒ ነው፤ ነገር ግን ጥቅማቸው በትክክል የታወቀው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ጡንቻውን ሲያንቀሳቅስ እጅግ ጥቂት የሆነ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ሻርክም በነዚህ ቀዳዳዎች ይህንን ኤሌክትሪክ እየተሰማው በአሸዋ ውስጥ የተቀበረውን ዓሣ ሳያየው ያገኘዋል። ሩፔል ይህን ለማወቅ አልታደለም። ቢሆንም እርሱና መሰሎቹ ዓይነቱን ከዓይነቱ ለይተው ባይጽፉ ኖሮ በኋላ የመጡት ሊቃውንት የትኛው ሻርክ እንዴት እንደሚያድን ለመመርመር መነሻ ባላገኙም ነበር።

በዚሁ ባሕር ውስጥ፥ በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ፥ ሩፔል ዱጎንግ የተባለውን የባሕር ሣር የሚበላ ትልቅ አጥቢ እንስሳም መርምሯል። እስራኤል በሲና በረሐ ሳሉ የቃል ኪዳኑ ታቦት ያደረባት ድንኳን መሸፈኛ የዚህ እንስሳ ቆዳ እንደ ነበረ ስላሰበ በ1834 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ የድንኳኒቱ እንስሳ የሚል የላቲን ስም አወጣለት። አሳቡ ልክ ይሁን አይሁን ለመጻሕፍት መምህራን የሚተው ጉዳይ ቢሆንም፥ ሰውየው ምን ያህል የቅዱስ መጽሐፍን ነገር ከተፈጥሮ ጋራ ያስተያይ እንደ ነበረ ያመለክታል።

ሩፔል በ1831 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ደጋው ወጣ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት በጦርነት ተይዘው ተገድለው ስለ ነበር ትግሬ ታውኮ፥ መንገዱም በወታደርና በሽፍታ ተዘግቶ ይገኝ ነበር። ስለዚህ መንገደኛው አንድ ቦታ ላይ ለወራት እየቆየ፥ ደኅና ነጋዴዎች ሲያገኝ ከነርሱ ጋራ እየተጓዘ፥ በ1832 ዓ.ም. ወደ ስሜን ተራራ ደረሰ። ከዚያም ጐንደር ገብቶ እስከ ተከታዩ ዓመት ተቀመጠ። ወደ ሸዋ ግን አልመጣም፤ የእኛንም አገር አላየም።

በስሜን ገደል ላይ ያገኘውን የዱር ፍየል በአገሬው ስም ዋልያ ብሎ በ1835 ዓ.ም. መዘገበው። በዚያው ዓመት ጭላዳንም እንዲሁ በአገሬው አጠራር ጻፈው። ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 ዓ.ም. የስሜን የሚል የላቲን ስም ሰጠው። ከጣና ሐይቅም ዓሦችን ሰብስቦ ገለጸ። እዚህ ላይ ከሻርክ ጋራ የሚያስተያይ አንድ ነገር አለ። ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው ሆነው ሳለ ሌሎችን ዓሦች እያሳደዱ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። እንግዲህ አዳኝ ዓሣን ለማየት የግድ ባሕር ማቋረጥ አያስፈልግም፤ አዳኝ በገዛ ሐይቃችን ውስጥም አለ።

ወፎችንም በሚመለከት የሩፔል ሥራ ለኛ ለአዲስ ዓለም ልጆች ቅርብ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትንና መንቁሩ የወፈረውን ትልቁን ቁራ በ1836 ዓ.ም.፥ አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላትን የደጋ ርግብ ደግሞ በ1837 ዓ.ም. ለሳይንስ ያስታወቀው እርሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ወፎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ካልሆነ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ሌላው ዓለም በመጽሐፍ ብቻ የሚያያቸውን እኛ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየገበያው ዳር እያየን ሳናስተውል እናልፋቸዋለን።

ሩፔል በ1833 ዓ.ም. አክሱምን አይቶ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን የግዕዝ ጽሑፍ ገለበጠ። የአክሱም ነገሥታት ያሠሯቸውን ጥንታዊ ገንዘቦችና በግዕዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍትንም ሰበሰበ፤ ከዚያም በምጽዋ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ።

በአገሩ የሠራው ሥራ በጉዞ ላይ ከሠራው አያንስም። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሳለ ክሬችማር የተባለው ሐኪም የላከለትን ወፍና አውሬ እየመረመረ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ማሳተም ጀምሮለት ነበር። ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ ሩፔል ራሱ ከ1835 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያን አዳዲስ እንስሳትና የቀይ ባሕርን ዓሦች የያዘ መጽሐፍ በቀለም ሥዕል አሳተመ። ሻርኮቹም፥ ዋልያውም፥ ቀይ ቀበሮውም የሚገኙት በዚህ ነው። የጉዞውንም ታሪክ በ1838 እና በ1840 ዓ.ም. በሁለት ክፍል አወጣ። በ1845 ዓ.ም. ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪቃ ወፎች ላሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን የሣለለት ዮሴፍ ቮልፍ የተባለ ወጣት ሲሆን፥ ይህም ወጣት ኋላ በለንደን ከታወቁት የእንስሳት ሠዓሊዎች ዋነኛው ሆነ። በዚያን ዘመን አንድን እንስሳ ላላየው ሰው ማሳየት የሚቻለው በአብዛኛው በሥዕል ነበር። ዛሬ ልጆች የሚወዷቸው ባለ ሥዕል የሻርክ መጻሕፍት የተወለዱት ከነዚህ ትልልቅ መጻሕፍት ነው ለማለት ይቻላል።

በ1839 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። በኋለኛው ዕድሜው ወደ ጥንታዊ ገንዘቦች ጥናት አዘነበለ። የብራና መጻሕፍቱን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት፥ እንስሳቱንም ለዘንከንበርግ ቤተ መዘክር ሰጠ። በዲሴምበር 10 ቀን 1884 ዓ.ም. በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። አንድ የጥንብ አንሣና አንድ የበረሐ ቀበሮ በስሙ ይጠራሉ፤ የረዳቱ የኤርክል ስምም በአገራችን በሚገኝ ቆቅ ላይ ተሰጥቷል።

አሁን የዚህን ሰው ሥራ ስንመዝን ማመስገን ብቻ አይበቃንም። ዋልያው በየትኛው ገደል እንደሚውል ለመንገደኛው ያመለከቱት የስሜን አዳኞች፥ ሻርኩን ከባሕር የጎተቱት ዓሣ አጥማጆች፥ ዕቃውን ተሸክመው አቀበት የወጡት ሎሌዎች ከሌሉ ሩፔል ይህን ሁሉ ባላደረገም ነበር። የወፉ ስም የጌታውንና የረዳቱን መታሰቢያ ሲይዝ የነርሱ ስም ግን ሳይታወስ ቀርቷል። ደግሞም ስለ አገራችን እንስሳት ጥንታዊ ማስረጃ የሆኑት ቆዳዎችና የአባቶቻችን ብራናዎች የሚገኙት በፍራንክፉርት ነው። የኢትዮጵያ ተማሪ የገዛ አገሩን ተፈጥሮ ለመማር በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ መግለጡ የሚያሳዝን ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በመንገደኛው ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ይሆናል። እርሱ የመጣው ሊያውቅ ነው፤ ያወቀውንም ሳይደብቅ ጽፎ ለሁሉ ሰጠ። እኛስ በበራችን ፊት ያለውን ለምን ሳንጽፈው ቀረን ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይሻላል።

ይህ ጥያቄ ለነገ የሚባል አይደለም። ዋልያ የሚኖረው በስሜን ብቻ ሲሆን ቁጥሩ ከጥቂት መቶ አይበልጥም፤ ቀይ ቀበሮም እንዲሁ በጥቂት መቶ የሚቆጠር ነው። ለነርሱ መጠበቂያ የሆነው የስሜን ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ ሩፔል ስማቸውን ከጻፈ ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በባሕሩም ዘንድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሻርክ በመላው ዓለም በዓመት የሚገድለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ15 አይበልጥም፤ ሰው ግን ለክንፉና ለሥጋው ሲል በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሻርክ ይገድላል። ያ የጅዳው ሻርክ በአንድ ወሊድ የሚወልደው ከ1 እስከ 5 ልጅ ብቻ ስለ ሆነ የጠፋውን ቶሎ ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም የሩፔል ሻርኮች ዛሬ ለመጥፋት ከሚያሠጉት እንስሳት መካከል ተቈጥረዋል። ሰው የሚፈራውን ለማጥፋት ይቸኩላል፤ ያወቀውን ግን ለመጠበቅ ያስባል። የአዳኝ ዓሣን ጠባይ ለልጆች በሥዕል ማስተማር የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! እያንዳንዳችን አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ አለን። የሩፔልን ሀብት ባንወርስ ትዕግሥቱን መውረስ እንችላለን። በበዓሉ ቀን በትምህርት ቤታችን አጥር ላይ የሚያርፈውን ወፍ፥ በሆለታና በአዋሽ ውሃ ውስጥ የሚዋኘውን ዓሣ፥ መልኩንና ጠባዩን፥ ያየንበትንም ቀን ከጻፍን፥ ሽማግሌዎች በአማርኛም በኦሮምኛም የሚጠሩበትን ስም ጠይቀን ከመዘገብን፥ ሥዕሉንም በእጃችን ከሣልን፥ ለታናናሾቻችን የሚሆነውን መጽሐፍ ጀመርን ማለት ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣው ትውልድ የአገሩን ፍጥረት በራሱ ዐይን አይቶ በራሱ ብዕር የሚጽፍ እንዲሆን እግዚአብሔር ይርዳን።